ወደብ ተቀምጦ መዋጋት፦ የጀርመን የጦር መርከቦች በሰሜን ኖርዌይ

(ለንባብ ወዳጆች ካደረግሁት ንግግር የተወሰደ፤ ለጽሑፍ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹና ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከሰሜን ዋልታ ደጃፍ ስለከረመ አንድ የጀርመን የጦር መርከቦች ጓድ ነው። የጓዱ አውራ ቲርፒትስ የምትባል መርከብ ነበረች። ርዝመቷ 251 ሜትር፣ ሲሞላ የምትመዝነው ከ50,000 ቶን በላይ፣ አፈሙዙ 38 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ስምንት መድፍ የተጠመደባት ጉድ ናት። ታዲያ ይህች ሁሉ መርከብ ጦርነቱ ተጀምሮ እስኪያልቅ እነዚያን ትልልቅ መድፎች በአንድም የጠላት መርከብ ላይ አልተኮሰችባቸውም። አንድም ጊዜ! ግን እንግሊዞችን ለሦስት ዓመት ያህል እንቅልፍ የነሳቻቸው እሷ ነች።

እኔን ወደዚህ ታሪክ የሳበኝም ይኸው ነው። አንድ የጦር ኃይል ምንም ሳያደርግ፣ መልሕቁን ጥሎ ቁጭ ብሎ፣ እንዴት ይህን ያህል ጉዳት ያደርሳል? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ቦታውን እንይ።

ካርታ ላይ ኖርዌይን ፈልጉና ጣታችሁን እስከ ጫፏ ወደ ሰሜን አስኪዱ። እዚያ አልታ ፊዮርድ አለ። ፊዮርድ ባሕሩ በተራሮች መሀል እየተጠማዘዘ ወደ የብስ የገባበት ጠባብና ጥልቅ ውሃ ነው። ዳርና ዳሩ ገደል ነው። መርከብ ለመደበቅ የዚህን ያህል የተመቸ ቦታ የለም። በክረምት ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር አጋማሽ ፀሐይ የምትባል አትወጣም። በበጋ ደግሞ አትጠልቅም። ውሃው ግን በረዶ አይሆንም፤ ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቃት ጅረት ያን ሁሉ የባሕር ዳርቻ ከበረዶ ይጠብቀዋል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ያለው የሩሲያ ወደብ ሙርማንስክም በክረምት ክፍት የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጀርመን ሰኔ 22 ቀን 1941 ሶቪየት ኅብረትን ወረረች። ሁለት ወር ሳይሞላ እንግሊዞች ከአይስላንድ የመጀመሪያውን የመርከብ ቅፍለት ወደ አርካንግልስክ ላኩ። አውሮፕላን፣ ጎማ፣ ቆርቆሮ ጭነው። ከዚያ በኋላ የንግድ መርከቦች በጦር መርከብ ታጅበው እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ተመላለሱ። መንገዱ ክፉ ነው። በክረምት በረዶው ወደ ደቡብ ይገፋና መርከቦቹን ወደ ኖርዌይ፣ ማለትም ወደ ጀርመን አውሮፕላኖች ያስጠጋቸዋል። በበጋ በረዶው ይሸሻል፤ ግን ሌሊት የለም፤ ሃያ አራት ሰዓት መታየት ነው። ማዕበሉ የረጨው ውሃ መርከቡ ላይ እንዳለ በረዶ ይሆናል። ባሕረኞቹ በመጥረቢያ እየፈለጡ ካልጣሉት መርከቡ ከላይ ይከብድና ይገለበጣል። ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ደግሞ ደቂቃዎች ናቸው ያሉት።

ጀርመኖች ትልልቅ መርከቦቻቸውን ወደ ኖርዌይ የላኩት ግን በመጀመሪያ ለእነዚህ ቅፍለቶች ብለው አልነበረም። ሂትለር እንግሊዝ ኖርዌይን ትወርራለች የሚል ፍርሃት ነበረበት። በ1941 መጨረሻ የእንግሊዝ ኮማንዶዎች የኖርዌይን ዳርቻ ሲመቱ ፍርሃቱ ባሰ። እናም ጥር 1942 ቲርፒትስ ትሮንዳይም አጠገብ ወዳለ ፊዮርድ ገባች። ሌሎችም ተከተሉ፤ ሼር፣ ሉትሶው፣ ሂፐር፣ በኋላም ሻርንሆርስት። ቀስ በቀስ ወደ ሰሜን ተጠግተው አልታን ቤታቸው አደረጉት።

እንግሊዞች ምን ያህል እንደፈሯት ለማወቅ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቲርፒትስ እህት ቢስማርክ ናት። ቢስማርክ በግንቦት 1941 የእንግሊዝን ኩራት ሁድን ስታሰጥም ከ1,400 በላይ ሰው አልቆ የተረፉት ሦስት ብቻ ነበሩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። መጋቢት 1942 እንግሊዞች ፈረንሳይ አገር ወደ ሴን ናዜር ኮማንዶ ላኩ። ዓላማው አንድ የመርከብ መጠገኛ ማፍረስ ነበር። በአትላንቲክ ዳርቻ ቲርፒትስን የሚችል መጠገኛ ያ ብቻ ስለነበረ፣ እሱ ከሌለ ወደ አትላንቲክ አትወጣም ብለው ነው። ፈንጂ የሞላ አሮጌ መርከብ ከበሩ ጋር አጋጭተው አፈነዱት። 169 እንግሊዛውያን እዚያ ቀሩ። ለመጠገን ያልመጣች መርከብ እንዳትጠገን!

በሌላ በኩል ጀርመኖችም የራሳቸው ጣጣ ነበረባቸው። ነዳጅ የለም። እንዲህ ያለች መርከብ ከአጃቢዎቿ ጋር አንዴ ወጥታ ስትመለስ በሺህ የሚቆጠር ቶን ነዳጅ ትጠጣለች። በመጋቢት 1942 ቲርፒትስ አንድ ቅፍለት ፍለጋ ወጥታ በጭጋግና በማዕበል ውስጥ ስትንከራተት ሰንብታ ባዶ እጇን ተመለሰች። በመመለሷ ላይ ከእንግሊዝ አውሮፕላን ተሸካሚ የተነሡ አውሮፕላኖች ቶርፔዶ ጣሉባት። ሁሉም ሳቱ። ለጥቂት ነው የተረፈችው። ከዚያ ወዲህ ሂትለር ትእዛዝ ሰጠ፤ የእንግሊዝ አውሮፕላን ተሸካሚ የት እንዳለ ሳይታወቅና ከጨዋታ ውጭ ሳይደረግ ቲርፒትስ አትወጣም። መርከቢቱን ያሰራት ጠላት ሳይሆን የገዛ አለቃዋ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ሰኔ 27 ቀን 1942 ፒኪው 17 የሚባለው ቅፍለት ከአይስላንድ ተነሣ። 35 የንግድ መርከቦች ነበሩበት። እስከ ሐምሌ 4 ማታ ድረስ የጀርመን አውሮፕላኖች ሦስቱን መትተው አጥፍተዋል። የቀሩት ግን ሰልፋቸውን ጠብቀው፣ እየተኮሱ፣ ደህና እየሄዱ ነበር። ባሕረኞቹ ሞራላቸው አልወደቀም።

ለንደን ግን ሌላ ነገር እየተብላላ ነበር። ቲርፒትስ ወደ አልታ እንደተጠጋች ታውቋል። ወጥታለች ወይስ አልወጣችም? የባሕር ኃይሉ የበላይ አዛዥ አድሚራል ዱድሊ ፓውንድ ወደ ስለላ ክፍሉ ወረዱ። እዚያ የጀርመንን የሬዲዮ መልእክት የሚከታተለው ኖርማን ዴኒንግ የሚባል መኮንን ነው። ዴኒንግ አልወጣችም ባይ ነው። ብትወጣ ኖሮ ለሰርጓጅ መርከቦቹ "ተጠንቀቁ፣ የራሳችን መርከብ ነው" የሚል መልእክት ይተላለፍ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር አልተሰማም። ፓውንድ ግን የፈለጉት ማረጋገጫ ነው። አልወጣችም ብለህ እርግጠኛ ሆነህ ልትነግረኝ ትችላለህ? ዴኒንግ እንደዚያ ሊል አልቻለም። ማን ይችላል?

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ የመጀመሪያው መልእክት ተላለፈ፤ ክሩዘሮቹ (ቅፍለቱን የሚጠብቁት መካከለኛ የጦር መርከቦች) በፍጥነት ወደ ምዕራብ ይመለሱ። ሦስት ሰዓት ከ23 ላይ ሁለተኛው፤ ቅፍለቱ ተለያይቶ ወደ ሩሲያ ወደቦች ይሂድ። ሦስት ሰዓት ከ36 ላይ ሦስተኛው፤ ቅፍለቱ ይበተን። ሦስቱም በ25 ደቂቃ ውስጥ። ባሕር ላይ ላለ ሰው ይህ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ቲርፒትስ ከአድማሱ ማዶ ደርሳለች። የአጥፊ መርከቦቹ፣ ማለትም ቅፍለቱን በቅርብ የሚያጅቡት ፈጣን ትንንሽ የጦር መርከቦች፣ አዛዥ ውጊያ የቀረበ መስሎት መርከቦቹን ይዞ ከክሩዘሮቹ ጋር ሄደ። የንግድ መርከቦቹ ሜዳ ላይ ቀሩ።

ቲርፒትስ በዚያ ሰዓት የት ነበረች? አልታ። መልሕቋን ጥላ። በማግሥቱ ከሰዓት ወጣችና ጥቂት ሰዓት ሄዳ እንድትመለስ ታዘዘች። ለምን ቢባል ሥራው ያለ እሷ እየተሠራ ነበር። የተበተኑትን መርከቦች አውሮፕላኖችና ሰርጓጆች አንድ በአንድ እየለቀሙ ነው። ከቅፍለቱ 24 የንግድ መርከቦች ሰጠሙ፤ 153 ባሕረኞች ሞቱ። 430 ታንኮች፣ 210 አውሮፕላኖችና ከ3,000 በላይ ተሽከርካሪዎች ባሕር ገቡ። የጀርመን ጓድ ትልቁ ድል ይህ ነው። ያሸነፈው ባልነበረበት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው ካልተናገርኩ ይቆጨኛል። ሊዮ ግራድዌል ይባላል። በሙያው ጠበቃ ነው። በጦርነቱ የታዘዘው ኤርሻየር በምትባል፣ ከዓሣ ማጥመጃነት ወደ አጃቢነት በተቀየረች ትንሽ መርከብ ላይ ነው። የመበተን ትእዛዝ ሲመጣ ሦስት የንግድ መርከቦችን ሰበሰበና ሌላው ሁሉ በሚሸሸው አቅጣጫ መሄዱን ትቶ ወደ በረዶው ገባ። ወደፊት መሄድ እስኪያቅት ድረስ ገቡ። ከዚያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ከሦስቱ በአንዷ ውስጥ ነጭ ቀለም ተጭኖ ነበር፤ እሱን አውጥተው መርከቦቹን ቀቡ። ያልተቀባውን አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ አለበሱት። ለስታሊን የሚሄዱት ታንኮች ደግሞ ከላይ ታስረዋል፤ መድፋቸውን አጉርሰው ለመከላከያ አዘጋጁዋቸው። የጀርመን አውሮፕላኖች ሲፈልጉ በረዶና መርከቡን መለየት አልቻሉም። ሦስቱም ከነጭነታቸው አርካንግልስክ ገቡ። በትእዛዙ መሠረት እያንዳንዱ ለብቻው መሄድ ነበረበት፤ ጠበቃው ትእዛዙን በራሱ መንገድ ተረጎመው።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት ቶሎ ልለፈው። መስከረም 1942 ቀጣዩ ቅፍለት በአውሮፕላን ተሸካሚ ታጅቦ አለፈ፤ 13 መርከብ ቢያጣም ደረሰ። ታኅሣሥ 31 ቀን ሂፐርና ሉትሶው ከስድስት አጥፊ መርከቦች ጋር በባረንትስ ባሕር 14 የንግድ መርከቦች ላይ ወጡ። አጃቢዎቹ ትንንሽ ናቸው። አዛዣቸው ካፒቴን ሸርብሩክ ፊቱን ተመቶ አንድ ዓይኑ ጠፋ፤ እንደዚያ ሆኖ ማዘዙን ቀጠለ። የጀርመኑ አድሚራል ኩሜትስ ጉልበት አለው፤ ግን መርከቦቹን ለአደጋ እንዳያጋልጥ አጥብቆ ታዝዟል። አንድ እግሩ ወደፊት አንድ እግሩ ወደኋላ ሲል ሁለት የእንግሊዝ ክሩዘሮች ደረሱ። ከጀርመን አጥፊ መርከቦች አንዷ የእንግሊዟን ክሩዘር የራሷ ሂፐር መስላት ተጠጋቻትና በዚያው ጠፋች። ከንግድ መርከቦቹ አንዱም አልሰጠመም። ሂትለር ወሬውን ከጠላት ዜና ሲሰማ አበደ። ትልልቆቹ መርከቦች ይፍረሱ፣ ብረታቸው ለሌላ ይዋል አለ። የባሕር ኃይሉ ዋና አዛዥ ሬደር ሥልጣን ለቀቀ። የተተካው ዶኒትስ የሰርጓጅ ሰው ነበር፤ ያፈርሳቸዋል ሲባል ሂትለርን ለምኖ አስቀራቸው። ባሉበት ተቀምጠው ጠላትን ያስራሉ፤ ይህን የተረዳ ይመስላል።

ደግሞም ያስሩ ነበር። በ1943 ከመጋቢት እስከ ኅዳር ወደ ሰሜን ሩሲያ ቅፍለት አልሄደም። የአትላንቲክ ጦርነት አንዱ ምክንያት ነው፤ በአልታ የተኮለኮሉት ቲርፒትስ፣ ሻርንሆርስትና ሉትሶው ሌላው ናቸው። መርከቦቹ ግን ምን ይሠሩ ነበር? ብዙም የለም። ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ፀሐይ በሌለበት ተራራ ሥር ብረት ሲወለውል ይከርማል። መስከረም 1943 ስፒትስበርገን ደሴት ድረስ ሄደው ትንንሽ የኖርዌይ ሠፈሮችን ደበደቡ። ቲርፒትስ ትልልቆቹን መድፎች ጠላት ባለበት መሬት ላይ የተኮሰችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለባሕረኞቹ ሽርሽር ነበር ቢባል ብዙም ስሕተት አይሆንም።

ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ያልጠበቁት መጣ። እንግሊዞች 16 ሜትር የማይሞሉ፣ አራት ሰው ብቻ የሚይዙ ሰርጓጆች ሠርተዋል። ስድስቱን በትልልቅ ሰርጓጆች አስጎትተው ከስኮትላንድ ላኩ። ሁለቱ መንገድ ላይ ጠፉ፤ አንዷ ከነሰዎቿ። መስከረም 22 ጠዋት ዶናልድ ካሜሮን የሚያዛት ኤክስ 6 የቲርፒትስን መከላከያ መረብ አልፋ ገባች። ማያ መስተዋቷም አቅጣጫ ጠቋሚዋም ተበላሽቷል። በስሕተት ብቅ አለችና ታየች። በጣም ስለተጠጋች የመርከቢቱ መድፎች ወደታች ሊያነጣጥሩባት አልቻሉም፤ ባሕረኞቹ በጠመንጃና በእጅ ቦምብ ገጠሟት። ካሜሮን ሁለቱን ፈንጂዎች፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ቶን፣ ከቲርፒትስ ሆድ ሥር ጣለና የገዛ ሰርጓጁን አስጥሞ ከሦስት ጓዶቹ ጋር እጁን ሰጠ።

አስቡት። አራቱ ምርኮኞች ወዴት ተወሰዱ? ቲርፒትስ ላይ! ፈንጂው ከእግራቸው ሥር ነው፤ የሚፈነዳበትን ሰዓት ያውቃሉ፤ እየተጠየቁ ነው። ጎድፍሬይ ፕሌስ የሚያዛት ኤክስ 7 ደግሞ የራሷን ጨምራለች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ያ ሁሉ የብረት ተራራ ወደ ላይ ዘለለ። አልሰጠመችም። ግን ሞተሮቿ ተመቱ፤ ከመድፍ ማማዎቿ አንዱ ከመቀመጫው ተነቀለ፤ እስከ ሚያዝያ 1944 ከሥራ ውጭ ሆነች። አራቱም የኤክስ 6 ሰዎች በሕይወት ተረፉ።

ቲርፒትስ ስትታመም ተራው የሻርንሆርስት ሆነ። ኩሜትስ ፈቃድ ላይ ስለነበር አድሚራል ኤሪክ ባይ ተተካ። ታኅሣሥ 25 ቀን 1943፣ በፈረንጆቹ ገና ዕለት ማታ፣ በማዕበል ወጣ። እንግሊዞች የጀርመንን ምስጢራዊ መልእክት እየፈቱ ስለሆነ መውጣቱን አወቁ። አምስቱ አጥፊ መርከቦቹ ተለይተውት ቀሩ። በማግሥቱ ጠዋት በመጀመሪያው ግጭት ኖርፎክ የተባለችው ክሩዘር የተኮሰችው ጥይት የሻርንሆርስትን ራዳር ሰበረው። ፀሐይ በሌለበት ባሕር ላይ ዓይኗ ጠፋ። ወደ ቤቷ ስትሸሽ ዱክ ኦፍ ዮርክ የምትባለው ትልቅ የእንግሊዝ መርከብ ከደቡብ መንገድ ዘግታ ትጠብቃት ነበር። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል አልፎ በላይዋ መብራት ጥይት ሲፈነዳ መድፎቿ ገና አልተዘጋጁም። በፍጥነቷ ልታመልጥ ጥቂት ሲቀራት አንድ ጥይት ማሞቂያ ክፍሏን መታው። ከዚያ አጥፊ መርከቦች በቶርፔዶ ጨረሷት። ከ1,968 ሰው የተረፉት 36 ናቸው።

ከአጥፊዎቹ አንዷ ስቱርድ የኖርዌይ ናት። እግረ መንገዴን፣ የእኛ ባሕር ኃይል ሲደራጅ በማማከርና በማሠልጠን ከረዱት መካከል የዚሁ የኖርዌይ ባሕር ኃይል መኮንኖች ነበሩበት።

የአገሬው ሰው ነገር ከተነሣ ቶርስታይን ሮቢን ሳልጠቅስ አልሄድም። ወጣት ኖርዌያዊ ነው። አልታ ውስጥ በጀርመኖች አፍንጫ ሥር ሬዲዮ ደብቆ ስለ ቲርፒትስ ወሬ ያቀብል ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ቶር ሄየርዳልና ጓደኞቹ ኮንቲኪ በተባለ፣ ግንድ አስረው በሠሩት መንሳፈፊያ ፓስፊክን ሲሻገሩ ከሬዲዮ ሠራተኞቹ አንዱ እሱ ነበር። አንዳንድ ሰው አርፎ መቀመጥ አይችልም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1944፣ ቲርፒትስ ተጠግና ለሙከራ ልትወጣ ስትል፣ ከአውሮፕላን ተሸካሚዎች የተነሡ ቦምብ ጣዮች ደረሱባት። 120 ያህል ባሕረኞች ሞቱ። መስከረም 15 ከሩሲያ የተነሡ ላንካስተር የሚባሉ የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ከአምስት ቶን በላይ የሚመዝን ቦምብ አፍንጫዋ ላይ ጣሉ። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚከነክነኝ። ጀርመኖች ከዚህ በኋላ ለባሕር እንደማትበቃ ያውቃሉ። ወስደው ትሮምሶ አጠገብ አስቀመጧትና እንደ ተንሳፋፊ ምሽግ ቆጠሯት። እንግሊዞች ግን ይህን አላወቁም። የሞተችን መርከብ ለመግደል ኅዳር 12 ቀን 1944 እንደገና መጡ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች አልደረሱላትም። በደቂቃዎች ውስጥ ተገለበጠች። 1,000 ያህል ሰው አለቀ። ከ80 በላይ የሚሆኑትን ወደ ላይ በዞረው ሆዷ በኩል ብረት ቆርጠው አወጧቸው።

ከጦርነቱ በኋላ ኖርዌያውያን ለዓመታት እየቆራረጡ ብረቷን ሸጡ። አልታ አካባቢ ሌላ ምልክት ቀርቷል። ጀርመኖች አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ፊዮርዱን በኬሚካል ጭስ ይሸፍኑት ነበር። በቅርቡ ተመራማሪዎች የአካባቢውን የጥድ ዛፎች ግንድ ሲመረምሩ በ1945 ጭራሽ ያላደጉ አገኙ። ጭሱ ቅጠላቸውን አርግፎት ነው።

ንግግሩን ስጨርስ ሁለት ጥያቄ ተነሣ። አንዱ፣ ፓውንድ ጥፋተኛ ነው ወይ የሚል ነው። በእኔ እይታ መበተኑ ስሕተት ነበር፤ ውሳኔውን እዚያ ባሕር ላይ ላሉት መተው ነበረበት። ግን ሰውየውን ብቻ መውቀስ ይከብደኛል። እርግጠኛ ሁን ተብሎ የተጠየቀ የስለላ መኮንን እርግጠኛ ነኝ ማለት አልቻለም፤ ቲርፒትስ ብትደርስ ደግሞ ሁሉም ያልቁ ነበር። ፓውንድ በዓመቱ ጥቅምት 1943 በአንጎል ዕጢ ሞቱ።

ሁለተኛው ጥያቄ የተሻለ ነበር። ይህን ያህል መከራ ካለበት ዕቃውን በሌላ መንገድ አይልኩም ነበር ወይ? ይልኩ ነበር። ከአሜሪካ ለሶቪየት ከሄደው ዕርዳታ ግማሽ ያህሉ ያለፈው በፓስፊክ ነው፤ በሰሜን የሄደው ሩብ ገደማ ነው። ነገር ግን በፓስፊክ መንገድ ጃፓን ስላለች በሶቪየት መርከብ መሣሪያ ያልሆነ ዕቃ ብቻ ነበር የሚያልፈው። የኢራን መንገድ ደግሞ ወደቡና ባቡሩ ተሠርቶ በደንብ እስኪያገለግል 1943 ገባ። በ1941 መገባደጃ ጀርመኖች ሞስኮ ደጃፍ ሲደርሱ ታንክና አውሮፕላን ቶሎ የሚገባበት በር የሰሜኑ ብቻ ነበር።